“ኤሪያ አንደር ዘ ከርቭ”፦ ከኩርባ ሥር ያለን ስፋት ደረጃ በደረጃ ማስላት

የ12ኛ ክፍልና የፍሬሽማን ተማሪዎችን ካልኩለስ ሳስጠና አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ተማሪው ኢንተግሬት ማድረግ ይችላል። ፎርሙላውንም በቃሉ ይዟል። ግን “ስፋቱን ፈልግ” ሲባል መልሱ ይሳሳታል። ወረቀቱን አብረን ስናየው ኢንተግራሉ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ከኢንተግራሉ በፊት ነው። ግራፉን አልሳለውም። ኩርባው ዘንጉን የት እንደሚቆርጥ አልፈለገም። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ሳያይ ቀንሷል።

ስለዚህ እዚህ ብዙ የምቆየው ከኢንተግራሉ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ተከተሉ። በዓይን ብቻ ካነበባችሁት ፈተና ላይ አይመጣላችሁም።

ስለ አጻጻፌ ሁለት ነገር ልበል። “ስፋት” ስል ኤሪያ ማለቴ ነው፤ የአንድን ቅርፅ አግድም ጎን “ወርድ” እለዋለሁ። ተለዋዋጮቹን ደግሞ ኤክስና ዋይ ብዬ እጽፋለሁ። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በለመዳችሁት ፊደል ጻፉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ባለካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ማስመሪያ አዘጋጁ። በእስክሪብቶ አትሳሉ። ንድፍ ይሰረዛል፣ ይስተካከላል።

ከዚያ እነዚህን ራሳችሁ ላይ ፈትሹ፦

1. ክፍልፋይ መቀነስ። 8/3 − 8 ስንት ነው? ታህቱን አንድ አድርጋችሁ −16/3 ካላገኛችሁ ዛሬ ክፍልፋይ ከልሱና ነገ ተመለሱ። በዚህ ርዕስ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው በ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

2. የኔጌቲቭ ቁጥር ፓወር። (−1)² = 1 ነው። (−1)³ ግን −1 ነው። ይህችን የሚረሳ ተማሪ በጣም ብዙ ነው።

3. ፋክተር ማድረግ። ኤክስ² − ኤክስ − 2 = (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 1)። ይህን ሳትቸገሩ መሥራት አለባችሁ።

4. የግራፍ ቅርፅ። ቀጥታ መስመር፣ ኤክስ²፣ ኤክስ³፣ √ኤክስ፣ 1/ኤክስ እና ሳይን። የእነዚህን የስድስቱን መልክ ሳታስቡ መሳል መቻል አለባችሁ።

5. አንቲደሪቬቲቭ። የኤክስ ፓወር ሲሆን ፓወሩ ላይ 1 ደምሩና በአዲሱ ፓወር አካፍሉ። ኤክስ² ወደ ኤክስ³/3 ይሄዳል። ይህ ሕግ 1/ኤክስ ላይ አይሠራም፤ በዜሮ ማካፈል ይመጣል። የ1/ኤክስ አንቲደሪቬቲቭ ናቹራል ሎግ ነው።

አንቲደሪቬቲቭ ካልተዋጣላችሁ አንድ መፈተኛ አለ። ያገኛችሁትን መልስ መልሳችሁ ደሪቬቲቭ አድርጉት። የተነሳችሁበት ፈንክሽን ካልመጣ ተሳስታችኋል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄው የጠየቀውን ለዩ

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ መልሳቸው ግን ይለያያል።

አንደኛው “ኢቫሉዌት ዘ ኢንተግራል” የሚለው ነው። ይህ ኢንተግራሉን ብቻ አስሉ ማለት ነው። መልሱ ኔጌቲቭ ወይም ዜሮ ሊሆን ይችላል። ችግር የለውም።

ሁለተኛው “ፋይንድ ዘ ኤሪያ” የሚለው ነው። ይህ ስፋት ነው። ስፋት ኔጌቲቭ አይሆንም። “ባውንድድ ባይ” ወይም “ኢንክሎዝድ ባይ” የሚል ካለበት ደግሞ “በእነዚህ መስመሮች የተከበበው ቦታ” ማለት ነው፤ ወሰኑን ላይሰጣችሁ ይችላል። ራሳችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ከጥያቄው ላይ ቁልፍ ቃሉን አስምሩበት። ከዚያ በወረቀታችሁ ጥግ ላይ “ስፋት” ወይም “ኢንተግራል” ብላችሁ ጻፉ። መጨረሻ ላይ መልሱን ከዚያች ቃል ጋር ታነጻጽራላችሁ።

ፊዚክስ ለሚወድ ሰው ልዩነቱ ከቬሎሲቲ ግራፍ ጋር አንድ ነው። ከግራፉ የሚገኘው ኢንተግራል ዲስፕሌስመንት ነው፤ ወደ ኋላ የተሄደው ይቀነሳል። የተጓዛችሁት ጠቅላላ ርቀት ግን ወደ ኋላ የሄዳችሁትንም ይደምራል። ስፋት እንደ ርቀቱ ነው።

## ደረጃ 2፦ ንድፉን ሳሉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ጊዜ የለኝም የሚል ተማሪ አውቃለሁ፤ ግን ንድፍ አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ የተሳሳተ መልስ ግን ሙሉ ጥያቄውን ያስከፍላል።

ንድፉ ቆንጆ መሆን የለበትም። አራት ነገር ብቻ ይኑረው፦

1. ሁለቱ ዘንጎች።
2. ኩርባው ዘንጎቹን የሚቆርጥባቸው ነጥቦች፣ ቁጥራቸው ተጽፎ።
3. የተሰጡት ወሰኖች፣ እንደ ቋሚ መስመር ተስምረው።
4. የተፈለገው ቦታ፣ በእርሳስ ጠቆር ብሎ።

አራተኛውን አጥብቄ እላለሁ። ቦታውን ካላጠቆራችሁት የቱን እንደምታሰሉ አታውቁም። ካጠቆራችሁት በኋላ “ይህ ቦታ ከሁሉም ጎን ተዘግቷል?” ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጎኑ ክፍት ከሆነ ከጥያቄው ውስጥ ያላያችሁት መስመር አለ። ብዙ ጊዜ የተረሳው የኤክስ ዘንግ ራሱ ነው።

ኩርባው ምን እንደሚመስል ካላወቃችሁስ? ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሩ። ለኤክስ አምስት ዋጋ ስጡ፣ ዋዩን አስሉ፣ ነጥቦቹን አገናኙ። ቤት ስትለማመዱ ጂኦጀብራ የሚባለውን ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ መጠቀም ትችላላችሁ። ግን መጀመሪያ በእጃችሁ ሳሉ፣ ከዚያ በአፑ አረጋግጡ። ፈተና ላይ አፑ የለም።

## ደረጃ 3፦ ኩርባው ዘንጉን የት ይቆርጣል?

ፈንክሽኑን ከዜሮ ጋር እኩል አድርጉና ፍቱ። ያገኛችኋቸው ነጥቦች ከወሰኖቻችሁ መካከል ካሉ ስፋቱ እዚያ ላይ ይከፈላል።

በምሳሌ እንየው። “ዋይ = ኤክስ² − 4 ከሚለው ኩርባና ከኤክስ ዘንግ መካከል፣ ከ0 እስከ 3 ያለውን ስፋት ፈልጉ።”

ችኩሉ ተማሪ በቀጥታ ኢንተግሬት ያደርጋል። አንቲደሪቬቲቩ ኤክስ³/3 − 4ኤክስ ነው። 3ን ሲያስገባ 9 − 12 = −3 ያገኛል። 0ን ሲያስገባ 0። መልስ −3። “ስፋት ኔጌቲቭ አይሆንም” የሚለው ትዝ ይለውና ምልክቱን ሰርዞ 3 ይላል። ይህም ስህተት ነው። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ደግሞ 3 ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦

1. ኤክስ² − 4 = 0። ስለዚህ ኤክስ = 2 ወይም −2። ከ0 እስከ 3 ውስጥ ያለው 2 ብቻ ነው።

2. ቦታውን ለሁለት ክፈሉ፤ ከ0 እስከ 2 እና ከ2 እስከ 3።

3. በየክፍሉ ኩርባው ከላይ ነው ከታች? ከመካከል አንድ ቁጥር አስገቡ። ኤክስ = 1 ሲሆን ዋይ = −3፤ ከዘንጉ በታች ነው። ኤክስ = 2.5 ሲሆን ዋይ = 2.25፤ ከላይ ነው።

4. ከ0 እስከ 2 ያለው ኢንተግራል 8/3 − 8 = −16/3 ነው። ከታች ስለሆነ ምልክቱን ቀይሩ፤ 16/3።

5. ከ2 እስከ 3 ያለው ኢንተግራል (9 − 12) − (8/3 − 8) = −3 + 16/3 = 7/3።

6. ደምሩ። 16/3 + 7/3 = 23/3፣ ማለትም 7.67 ገደማ።

−3 የመጣው 7/3 እና −16/3 ስለተጣፉ ነው። ምልክቱን መጨረሻ ላይ መሰረዝ የማይሠራው ለዚህ ነው። ከተጣፉ በኋላ የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ምልክት የሚቀየረው በየክፍሉ ነው፣ ከመደመሩ በፊት።

ሳይን ላይም ያው ነው። ሳይን ኤክስን ከ0 እስከ 2ፓይ በአንድ ጊዜ ኢንተግሬት ካደረጋችሁ ዜሮ ይመጣል። ስፋቱ ግን 4 ነው፤ 2 ከዘንጉ በላይ፣ 2 ከታች።

## ደረጃ 4፦ አንድ ቀጭን ቁራጭ ሳሉ

ካጠቆራችሁት ቦታ ውስጥ አንድ ቀጭን ቋሚ አራት ማዕዘን ሳሉ። ወርዱ ዲኤክስ ነው። ቁመቱ “የላይኛው ሲቀነስ የታችኛው” ነው። ኢንተግራል ማለት የእነዚህ ቁራጮች ድምር ነው። ቁራጩን ከሳላችሁ ኢንተግራሉን መጻፍ ያየነውን መገልበጥ ብቻ ይሆናል።

ይህ እውነት መሆኑን በእጃችሁ ለማየት ኤክስ²ን ከ0 እስከ 2 ውሰዱ። ወርዳቸው 0.5 የሆነ አራት ቁራጮች ሥሩ። የእያንዳንዱን ቁመት በቀኝ ጫፉ ብትወስዱ 0.25፣ 1፣ 2.25 እና 4 ይሆናል። ድምሩ 7.5፤ በ0.5 ሲባዛ 3.75። በግራ ጫፉ ብትወስዱ 0፣ 0.25፣ 1 እና 2.25፤ ድምሩ 3.5፣ በ0.5 ሲባዛ 1.75። እውነተኛው ስፋት በሁለቱ መካከል ነው። ኢንተግራሉ 8/3 ይላል፣ 2.67 ገደማ። ቁመቱን ከየቁራጩ መሃል ብትወስዱ ደግሞ 2.625 ታገኛላችሁ። በአራት ቁራጭ ብቻ ይህን ያህል መቅረቡ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ፈተናው የሪማን ድምር (እንዲህ ያለውን የቁራጮች ድምር) ከጠየቃችሁ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ወርዱ ጠቅላላ ርዝመቱ በቁራጮቹ ብዛት ተካፍሎ ነው፤ ከ1 እስከ 5 በ8 ቁራጭ ከሆነ 4/8 እንጂ 5/8 አይደለም። ደግሞም 4 ቁራጭ 5 ነጥብ አለው። በግራ ስትሠሩ የመጨረሻውን ነጥብ ተዉት፣ በቀኝ ስትሠሩ የመጀመሪያውን ተዉት።

## ደረጃ 5፦ ሁለት ኩርባዎች ሲኖሩ

“በዋይ = ኤክስ² እና በዋይ = ኤክስ + 2 የተከበበውን ስፋት ፈልጉ።” ወሰን አልተሰጠም። እንዲህ ሥሩ፦

1. ሁለቱን እኩል አድርጉ። ኤክስ² = ኤክስ + 2። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጡ፤ ኤክስ² − ኤክስ − 2 = 0። ኤክስ = −1 እና ኤክስ = 2። ወሰኖቻችሁ እነዚህ ናቸው።

2. የትኛው ከላይ ነው? ከመካከል 0ን አስገቡ። መስመሩ 2 ይሰጣል፣ ኩርባው 0። መስመሩ ከላይ ነው።

3. ኢንተግራሉን ጻፉ፦ ∫ (ኤክስ + 2 − ኤክስ²) ዲኤክስ፣ ከ−1 እስከ 2። የታችኛውን ስትቀንሱ በቅንፍ ቀንሱ። የታችኛው ሁለት ወይም ሦስት ተርም ካለው ምልክቱ የሚቀየረው ሁሉም ላይ ነው።

4. አንቲደሪቬቲቩ ኤክስ²/2 + 2ኤክስ − ኤክስ³/3።

5. 2ን አስገቡ፦ 2 + 4 − 8/3 = 10/3።

6. −1ን አስገቡ፦ 1/2 − 2 + 1/3 = −7/6።

7. ቀንሱ፦ 10/3 − (−7/6) = 20/6 + 7/6 = 27/6 = 9/2።

መልሱ 4.5 ካልሆነላችሁ ያገኛችሁት ቁጥር የት እንደተሳሳታችሁ ይነግራችኋል። 31/6 ካገኛችሁ −1 ኪዩብ ላይ ምልክት ጠፍቶባችኋል። 13/6 ካገኛችሁ ሁለተኛውን መቀነስ ሲገባችሁ ደምራችሁታል። 7/6 ካገኛችሁ ቅንፍ ሳታደርጉ የመጀመሪያዋን ተርም ብቻ ቀንሳችኋል። −9/2 ካገኛችሁ የታችኛውን ከላይ አድርጋችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ከኤክስ ዘንግ በታች ቢሆኑ አትጨነቁ። በሁለት ኩርባ መካከል ሲሆን ዘንጉ አያገባችሁም። “ላይኛው ሲቀነስ ታችኛው” ሁልጊዜ ይሠራል። በዘንጉ ላይ መክፈል የሚያስፈልገው አንዱ ድንበር ራሱ ዘንጉ ሲሆን ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ኩርባዎቹ ቦታ ሲለዋወጡ ነው። ኤክስ³ እና ኤክስን እዩ። በሦስት ቦታ ይገናኛሉ፤ −1፣ 0 እና 1። ከ0 እስከ 1 መስመሩ ከላይ ነው። ከ−1 እስከ 0 ግን ኤክስ³ ከላይ ነው። ከ−1 እስከ 1 በአንድ ጊዜ ከሠራችሁ ዜሮ ይመጣል። ለየብቻ ከሠራችሁ 1/4 እና 1/4፤ ድምሩ 1/2። ደንቡ ይህ ነው፤ መገናኛዎቹ ከሁለት በላይ ከሆኑ በየመገናኛው ክፈሉ፣ በየክፍሉም የላይኛውን እንደ አዲስ ፈልጉ።

እኩል ስታደርጉ በኤክስ አታካፍሉ። ኤክስ³ = ኤክስ ብላችሁ ሁለቱንም በኤክስ ካካፈላችሁ ኤክስ = 0 የሚለው መልስ ይጠፋል። ከጠፋ ደግሞ መክፈያችሁ ጠፋ ማለት ነው። ወደ አንድ ጎን አምጡና ፋክተር አድርጉ።

## ደረጃ 6፦ ቁራጩን በአግድም መቁረጥ ያለባችሁ መቼ ነው?

ቋሚውን ቁራጭ ከግራ ወደ ቀኝ በዓይናችሁ አንሸራቱት። የላይኛው ጫፉ ሁልጊዜ አንድ ኩርባ ላይ፣ የታችኛውም አንድ ኩርባ ላይ ካረፈ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ድንበሩ ከተቀየረ ግን በአግድም ሞክሩ።

ለምሳሌ ኤክስ = ዋይ² እና ዋይ = ኤክስ − 2። ኤክስ = ዋይ² ወደ ቀኝ የተኛ ፓራቦላ ነው። በቋሚ ከቆረጣችሁ ከ0 እስከ 1 የላዩም የታቹም ድንበር ፓራቦላው ነው። ከ1 እስከ 4 ግን የታቹ መስመሩ ይሆናል። ሁለት ኢንተግራል፣ ያውም ከሩት ጋር።

በአግድም እንዲህ ነው፦

1. ሁለቱንም “ኤክስ =” በሚል ጻፉ። ኤክስ = ዋይ² እና ኤክስ = ዋይ + 2።
2. እኩል አድርጉ። ዋይ = −1 እና 2። ወሰኖቹ አሁን የዋይ ቁጥሮች ናቸው።
3. “የቀኙ ሲቀነስ የግራው”። ዋይ 0 ሲሆን መስመሩ 2 ላይ፣ ፓራቦላው 0 ላይ ነው። መስመሩ በቀኝ ነው።
4. ∫ (ዋይ + 2 − ዋይ²) ዲዋይ፣ ከ−1 እስከ 2።

ይህን ኢንተግራል ታውቁታላችሁ። ቀደም ሲል የሠራነው ነው፣ ኤክስና ዋይ ብቻ ቦታ ተለዋወጡ። መልሱ 9/2። ጊዜ ካላችሁ በቋሚም ሥሩት። የመጀመሪያው ክፍል 4/3፣ ሁለተኛው 19/6 ይሆናል፤ ድምራቸው ያው 9/2።

እዚህ ላይ ተማሪ የሚሳሳተው ዲዋይ ጽፎ የኤክስ ወሰን ሲያስገባ ነው። ዲዋይ ካለ ወሰኑም የዋይ፣ ውስጡም ዋይ ብቻ ይሁን።

## ደረጃ 7፦ ሰብስቲትዩሽን ሲያስፈልግ ወሰኑን ቀይሩ

ዋይ = 2ኤክስ(ኤክስ² + 1)²፣ ከ0 እስከ 1። ዩ = ኤክስ² + 1 በሉ። ዲዩ = 2ኤክስ ዲኤክስ። ውስጡ ዩ² ብቻ ይቀራል።

አሁን ቆሙ። 0 እና 1 የኤክስ ወሰን ናቸው። ኤክስ 0 ሲሆን ዩ 1 ነው። ኤክስ 1 ሲሆን ዩ 2 ነው። ስለዚህ ዩ³/3 ከ1 እስከ 2፤ 8/3 − 1/3 = 7/3።

1/3 ካገኛችሁ ወሰኑን ሳትቀይሩ 0 እና 1 አስገብታችኋል። ዲዩን እንደጻፋችሁ ወዲያው፣ ሌላ ምንም ሳትሠሩ፣ አዲሱን ወሰን ጻፉ። ይህን ልማድ አድርጉት።

## ደረጃ 8፦ መልሱን ፈትሹ

መልስ እንዳገኛችሁ አታስረክቡ። አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ ንድፉን ተመልከቱ።

የቦታውን ወርድ ከሁሉም በሚረዝመው ቋሚ ቁራጭ ቁመት አባዙ። ስፋታችሁ ከዚያ ማነስ አለበት። ለምሳሌ በኤክስ² እና በኤክስ + 2 መካከል ያለው ቦታ ወርዱ 3 ነው። ቁመቱ ከፍ የሚለው ኤክስ 0.5 ሲሆን ነው፤ 2.5 − 0.25 = 2.25። 3 × 2.25 = 6.75። መልሳችን 4.5 ከዚያ ያንሳል። እንዲያውም በፓራቦላና በቀጥታ መስመር የተከበበ ቦታ ሁልጊዜ የዚህ ብዜት ሁለት ሦስተኛ ነው። የ6.75 ሁለት ሦስተኛ በትክክል 4.5 ነው። ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ይህች መፈተሻ ትልቅ ጉልበት ናት።

ድንበሩ ሁሉ ቀጥታ መስመር ከሆነ በጂኦሜትሪ ፈትሹ። ዋይ = 2ኤክስ + 1 ከ0 እስከ 3 ትራፒዚየም ነው። ጎኖቹ 1 እና 7፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 3። (1 + 7)/2 × 3 = 12። በኢንተግራልም ኤክስ² + ኤክስ ላይ 3ን ስታስገቡ 9 + 3 = 12።

በጂኦጀብራ ስትፈትሹ አንድ ነገር እወቁ። አፑ ኢንተግራል ሲባል የሚሰጠው ምልክት ያለውን ነው። ከላይ ላየነው ኤክስ² − 4፣ ከ0 እስከ 3፣ መልሱን “−3” ይላችኋል። ስፋቱን ከፈለጋችሁ የፈንክሽኑን ፍጹም ዋጋ ኢንተግሬት አድርጉ።

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

መልሱ ኔጌቲቭ ወጣ። ምልክቱን ሰርዛችሁ አትለፉ። ወይ የታችኛውን ከላይ አድርጋችኋል፣ ወይ ኩርባው ከዘንጉ በታች ነው፣ ወይ ወሰኑን ገልብጣችኋል። ንድፉ ላይ የቱ እንደሆነ ፈልጉ።

መልሱ ዜሮ ወጣ። ያጠቆራችሁት ቦታ ካለ ስፋቱ ዜሮ ሊሆን አይችልም። ተጣፍቶ ነው። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ፈንክሽኑ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ኢንተግራሉ ኔጌቲቭ ወጣ። ወሰኑን ካልገለበጣችሁ፣ ምናልባት ፈንክሽኑ በመካከል ይቋረጣል። 1/ኤክስ² ከ−1 እስከ 1 ዓይነተኛው ነው። አንቲደሪቬቲቩ −1/ኤክስ ስለሆነ በችኮላ −2 ይመጣል። ግን ኤክስ 0 ላይ ፈንክሽኑ የለም፣ ግራፉ ወደ ላይ ያለ ገደብ ይወጣል። እዚህ ተራው ዘዴ አይሠራም፤ ስፋቱም ማለቂያ የለውም። ክፍልፋይ ስታዩ ሁልጊዜ ታህቱ የት ዜሮ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ፈልጉ።

የሳይን ወይም የኮሳይን መልስ እንግዳ ቁጥር ሆነ። ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ራዲያን ቀይሩት። ሳይን ከ0 እስከ ፓይ ሲሠራ መልሱ 2 መሆን ሲገባው 0.0015 ገደማ ካሳያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እኩልታው ፋክተር አልሆን አለ። ኳድራቲክ ፎርሙላ ተጠቀሙ። ኪዩብ ያለበት ከሆነ 1፣ −1፣ 2 እና −2ን አስገብታችሁ ሞክሩ። የትምህርት ቤት ጥያቄ ላይ ከእነዚህ አንዱ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

መጨረሻ ላይ “ፕላስ ሲ” ጻፋችሁ። ወሰን ባለው ኢንተግራል ላይ አያስፈልግም፤ ሲቀነስ ይጠፋል። ሰርዙት።

## አሁን እናንተ ሥሩ

ከእያንዳንዱ በፊት ንድፍ ሳሉ። መልሶቹን ከታች ጽፌያለሁ፤ ሳትጨርሱ አትውረዱ።

1. ዋይ = 3ኤክስ²፣ የኤክስ ዘንግ፣ ከ1 እስከ 2።
2. ዋይ = ኤክስ² − 1፣ የኤክስ ዘንግ፣ ከ0 እስከ 2።
3. በዋይ = 4 − ኤክስ² እና በኤክስ ዘንግ የተከበበ።
4. በዋይ = ኤክስ² እና በዋይ = 2ኤክስ የተከበበ።
5. በዋይ = ኤክስ³ − 4ኤክስ እና በኤክስ ዘንግ የተከበበ።
6. በኤክስ = 4 − ዋይ² እና በዋይ ዘንግ የተከበበ።

መልሶች

1. 7። 9 ካገኛችሁ ደምራችኋል፣ አልቀነሳችሁም።

2. 2። 2/3 ካገኛችሁ ኤክስ = 1 ላይ አልከፈላችሁም።

3. 32/3። 16/3 ካገኛችሁ ከ0 እስከ 2 ብቻ ሠርታችኋል፤ −2 የሚለውን መልስ ጥላችሁታል።

4. 4/3። −4/3 ካገኛችሁ ኤክስ²ን ከላይ አድርጋችኋል። ከ0 እስከ 2 ድረስ ከላይ ያለው መስመሩ ነው፤ 1ን አስገብታችሁ እዩ።

5. 8። ዜሮ ካገኛችሁ ሁለቱ ክፍሎች ተጣፍተዋል። 4 ካገኛችሁ አንዱን ጎን ረስታችሁ ግማሹን ብቻ ይዛችኋል። መቁረጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ −2፣ 0 እና 2።

6. 32/3። 16/3 ካገኛችሁ ዋይ = √(4 − ኤክስ) ብላችሁ ከ0 እስከ 4 ሠርታችኋል። ያ የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ ከኤክስ ዘንግ በታች ያለው ግማሽ ቀርቷል። በአግድም ቆርጣችሁ ከ−2 እስከ 2 እንደገና ሥሩት።